ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ የማን ነው?

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ «የድረ ገጽ ኪራይ፣ 540 ሪያል፣ ተመላሽ የለውም» የሚል አንድ መስመር ነበረበት። አንባቢው በፍጥነት አለፈው፤ እኛም የሥራ አስፈጻሚ አባላቱ አንገታችንን ደፍተን አብረነው አለፍን። ጉዳዩ ግን እንዲህ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘቡ የእኛ አልነበረምና በዚህ ልሳናችን በግልጽ እናወጣዋለን።

540 ሪያሉ የተዋጣው ሱለይ ነው። ሱለይ በሪያድ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፣ መጋዘንና የጭነት መኪና የበዛበት ሰፈር ነው። ዓርብ ዓርብ እዚያ ከሚኖሩ የአገራችን ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን ስለ ጤና እንወያያለን። ስለ በጋው ሙቀት ጉዳት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ በአማርኛ የሚነበብ አንድ ገጽ እንክፈት የሚል ሐሳብ ያቀረብነው እኛ የሕክምና ተማሪዎቹ ነን። 54 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ሪያል አዋጡ። 10 ሪያል ምን አላት የሚል ቢኖር፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲያወርድ የዋለ ሰው ከኪሱ ሲያወጣት አይቶ ይፍረድ።

በገንዘቡ ከአንድ የውጭ ኩባንያ የ36 ወር ሆስቲንግ ገዛን። ወር በወር ለሚከፍል ዋጋው 12 ዶላር ነው፤ የ3 ዓመቱን አስቀድሞ ለሚከፍል ግን ወሩ 4 ዶላር ይመጣለታል፣ የመጀመሪያው ዓመት የዶሜይን ስምም በነጻ ይጨመርለታል። ድምሩ 144 ዶላር ሆነ። ሪያል ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ ዶላር በ3.75 ተቆርጦ የቆመ በመሆኑ 540 ሪያል ሞልቶ ወጣ። የኮሚቴያችንን ብልህነት ያደነቅነው በዚያን ምሽት ነበር።

አሁን ስናስበው ያ ብልህነት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ፍርሃት ነው። «ነገ ይወደዳል፣ ዛሬ ክፈል» የሚለው ምክር አዲስ አበባ ላይ እውነት አለው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሲሆን ያየ ሰው አስቀድሞ በመክፈሉ አይወቀስም። ሪያድ ላይ ግን ምንዛሪው አይነቃነቅም፤ የሚነቃነቀው እኛው ነን። የእኛ ኢቃማ በትምህርት ዓመት ይቆጠራል። የሱለዮቹም ቢሆን ረጅም አይደለም፤ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አሠሪዎች፣ ከቤት ሠራተኞች በቀር፣ የሠራተኞቻቸውን ኢቃማ ለ3 ወር ብቻ ማሳደስ ይችላሉ። በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ወር ጀምሮ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ሲመለሱ ንብረቱን ሳይሰበስብ የሄደው ብዙ ነው። እንግዲህ ቆይታው በወራት የሚቆጠር ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ የ36 ወር ኪራይ ሲከፍል፣ ከመካከላችን «36ኛው ወር ላይ ማን እዚህ ይኖራል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ገጹ ተከፈተ። ማንም አላነበበውም። ሱለይ ሄደን ምክንያቱን ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፤ ከሥራ የገባ ሰው ጋደም ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል እንጂ ረጅም ጽሑፍ አያነብም። «በድምፅ ቀድታችሁ በዋትስአፕ ላኩልን» አሉን። ሳንመረምር መድኃኒት አዝዘን ነበር ማለት ነው፤ በክፍል ውስጥ ቢሆን አስተማሪያችን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያባርረን ነበር።

ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ ለሚያቋርጥ ደንበኛ ገንዘቡን ይመልሳል። በ22ኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ «ይህ ነገር አልሠራም፣ እንዝጋው» ብሎ ነበር። እኛስ ምን አልን? «በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልህ» አልነው። የሚቀጥለው ስብሰባ በፈተና ምክንያት ተላለፈና በ41ኛው ቀን ተደረገ። ከዚያ ወዲያ «አንድ ጊዜ ተከፍሏል፣ ይቆይ» በሚል ስንፍና 5 ወር ሞላን። በመጨረሻ ስንጽፍላቸው መልሳቸው በአንድ ቀን መጣ፤ 30 ቀኑ አልፏል፣ የቀረው 31 ወር አይመለስም። የሚመለስ ቢኖር እንኳ ወደ ተከፈለበት ካርድ ብቻ ነው የሚሄደው ሲሉ ጨመሩ። ካርዱ የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን ነበር። እርሱ ተመርቆ ከአገር ወጥቷል፣ የባንክ ሒሳቡም ተዘግቷል። ይህ የካርድ ደንብ ማጭበርበርን ለመከላከል የተሠራ ስለሆነ አንቃወመውም፤ ጥፋቱ የማኅበርን ሒሳብ በአንድ ሰው ስም ያስከፈትነው የእኛ ነው።

ይህ ግለ ሂሳችን ነው። ነገር ግን እኛ አጠፋን ማለት ኩባንያው ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ፋርማሲ ሄዶ የተከፈተ መድኃኒት ልመልስ የሚል ሰው አይቀበሉትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከእጅ የወጣ መድኃኒት እንዴት እንደተቀመጠ አይታወቅም፣ ለሌላ ሕመምተኛ አይሰጥም፣ ይጣላል። የሰርቨር ቦታ ግን እንደዚያ ነውን? እኛ ዛሬ የለቀቅነው ቦታ ነገ ለሌላ ደንበኛ ይከራያል። እንግዲያውስ ኩባንያው ለ31 ወር አንድ ጊዜ ከእኛ፣ አንድ ጊዜ ከተከታዩ ይሰበስባል።

«ቅናሹ የተሰጣችሁ 3 ዓመት ለመቆየት ስለተስማማችሁ ነው» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሚዛን የሚደፋም ነው። እሺ፣ ቅናሹን ይውሰዱት። የተጠቀምንበትን 5 ወር በውዱ ዋጋ፣ በ12 ዶላር ያስቡት፤ 60 ዶላር ይሆናል። በነጻ ተሰጠ የተባለውን የዶሜይን ስምም በ15 ዶላር ይቁጠሩብን። ከ144 ዶላር 69 ይቀራል፤ 258 ሪያል ከ75 ሃላላ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ኩባንያው አንዳች አይጎዳም። እኛም የምንጠይቀው ከዚህ አይበልጥም።

ሕጉ ምን ይላል ለሚል አንባቢ፦ በሳዑዲ ዓረቢያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ በ13ኛው አንቀጹ ሸማቹ በ7 ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ እንዲችል ይፈቅዳል፤ አገልግሎቱን ካልተጠቀመበት ነው ታዲያ። ሕጉ ከውጭ ሆነው እዚህ ላለ ሸማች በሚሸጡትም ላይ ይሠራል። እኛ ግን በከፈልንበት ምሽት ገጹን ስለሰቀልን 7 ቀኑም አልተረፈልንም። በአውሮፓ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ የ2011 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መመሪያ 14 ቀን ይሰጣችኋል፤ በነዚያ ቀናት አገልግሎቱ እንዲጀመር ራሳችሁ ጠይቃችሁ ብታቋርጡም በጥቅሉ የምትከፍሉት በተጠቀማችሁበት ልክ ነው። ስለዚህ «በልኩ መክፈል» እኛ የፈጠርነው ቅዠት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ2162ኛው አንቀጹ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ኪሳራ የበለጸገ እንዲክስ ያዛል። የሕግ ተማሪዎች «ውል ካለ በቂ ምክንያት አለ» ብለው ይነሡብን ይሆናል፤ ይጻፉልን፣ እናወጣላቸዋለን።

በየከተማው ያላችሁ ማኅበራት ገጽ ለመክፈት ስታስቡ የመጀመሪያውን 3 ወር፣ ውድ ቢሆንም፣ ወር በወር ክፈሉ። ሒሳቡ በማኅበሩ ኢሜይል ይከፈት፤ የካርዱ ባለቤት አገር ሊለቅ ሲል አስቀድሞ ካርዱ ይቀየር። በራሱ የሚታደሰውን ክፍያ በገዛችሁበት ቀን ዝጉት። ጽሑፎቻችሁን ሳታወርዱ ውል አታቋርጡ፤ ካቋረጡ በኋላ ፋይሉ ይጠፋል። ከሁሉም በላይ 30ኛው ቀን ስብሰባችሁን አይጠብቅምና፣ ከዚያ በፊት የሚወስን አንድ ሰው በቃለ ጉባኤ ሰይሙ።

በኮሚቴያችን ውስጥ «መዋጮ ስጦታ ነው፣ ለሱለዮቹ የሚመለስ ነገር የለም» ያሉ ነበሩ። ኩባንያው ለእኛ የሰጠንም መልስ ይኸው ነበር። ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ ስድስታችን ከወር አበላችን 90፣ 90 ሪያል እንድናወጣና ለ54ቱም 10 ሪያላቸው እንዲመለስ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። 51ዱን በሚቀጥለው ዓርብ ሱለይ እናገኛቸዋለን። 3ቱ ወደ አገር ተመልሰዋል፤ የአንዱን ስልክ አግኝተናል፣ የሁለቱን አሁንም እያፈላለግን ነው።