ታቦት፣ ጣዖት እና አንድ የየካቲት ሌሊት

በ2018 ዓ.ም. የካቲት 8 ቀን እሑድ ነበር፤ ቅበላ። ጎፋ በሚገኘው ቤታችን ሥጋ ሲከተፍ ዋለ። እናቴ «ብሉ እንጂ፤ ከዛሬ በኋላ እስከ ፋሲካ የለም» እያለች ሰሃኑን ደጋግማ ትሞላለች። ሲመሽ ጠግቤ ከማዕዱ ተነሣሁና ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ቤት ሄድሁ። ቤቱ ለቡ አካባቢ፣ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰዎቹ ህንዶች ናቸው፤ ሌሊቱም ማሃ ሺቫራትሪ፣ «ታላቁ የሺቫ ሌሊት» የሚሉት ነው።

የጠራኝ በባንክ መስኮቴ የማስተናግደው አንድ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቤተ መቅደስ በአቅራቢያቸው ስለሌለ ተራ ገብተው በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ያን ሰሞንም ሦስት ምሽት ሲዘምሩ ሰንብተው የመጨረሻው ሌሊት በእርሱ ቤት ላይ ወድቆ ነበር። በአገሩ፣ በአንድራ ፕራዴሽ፣ ስሪሳይላም በሚባለው ተራራማ ስፍራ ባለው የሺቫ መቅደስ በዓሉ 11 ቀን ሙሉ ይከበራል። ሌሊቱ የሚወጣው በጨረቃ አቆጣጠር ነው፤ ጨረቃ ልትጠፋ ስትቃረብ በ14ኛው ሌሊት ይውላል፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ የካቲት ጋር ይገጥማል። በ2018 ግን አገጣጠሙ ልዩ ነበር፤ ሺቫራትሪ በእኛ ቅበላ ዋለ፣ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ ረመዳን ተከተለ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስለ አንዲት የአማርኛ ቃል ሳስብ ሰንብቻለሁ። አንባቢ ቢታገሠኝ ስለ እርሷ ነው መናገር የምፈልገው።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አላስፈለገም። ውስጥ ዕጣን ይጤሳል። ከግድግዳው ሥር፣ በናስ ትሪ ላይ፣ ከጭብጥ የማይበልጥ ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ ቆሟል። ሌሊቱ በአራት ክፍል ይከፈላል፤ በእያንዳንዱም ድንጋዩ በውኃ ይታጠባል፤ ወተት፣ እርጎ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ማርና ስኳር በየተራ ይፈስበታል፤ ከዚያ እንደገና በውኃ ይጠራል። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቢልቫ የሚባል ቅጠል አለ፤ ከአገራቸው ደርቆ የመጣውን እየቆጠቡ አንድ አንድ ያኖሩበታል። አንዲት እናት ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። የሚደጋገመው አምስት ፊደል ያላት ጸሎት ናት፤ ለሺቫ እሰግዳለሁ እንደ ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ማዕዘን ላይ ተቀምጠው በጥቁር ፍሬ የተሠራ መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ሕፃናቱ እንቅልፍ ጥሏቸው በጋቢ መሳይ ነገር ተጠቅልለዋል። እኛ ከነገ ጀምሮ የምንርቀው ወተትና ቅቤ ለእነርሱ በጾማቸው ዕለት የጸሎት ዕቃ መሆኑ ትንሽ አሳቀኝ።

ቤቴ ስመለስ ያየሁትን በማስታወሻ ደብተሬ ለማስፈር ተቀመጥሁ። በቋንቋዬ መኩራቴን አልሸሽግም። መቁጠሪያ፣ ዕጣን፣ ተቀባይ፣ ስእለት፣ ሌሊት ቆሞ ማደር፤ ሁሉም በእጄ ነበሩ። «ፕራሳድ» ብለው በእፍኜ ያኖሩልኝን ጣፋጭ እንኳ አማርኛ ገና ሳልጠራው «ጠበል ጸዲቅ» ብሎ አቀበለኝ። ይህን ቃል ከየትኛው ሀብታም ቋንቋ እናገኘው ነበር? እንዲህ እያልሁ ከድንጋዩ ደረስሁ። እዚያ ላይ ቋንቋዬ አንድ ቃል ብቻ ዘረጋልኝ፤ ጣዖት።

ቃሉን ጻፍሁት። ወዲያው ከላዩ የጻፍሁት ሁሉ ተበላሸ። ሽማግሌው ሽማግሌ መሆናቸው ቀረ፤ ሕፃናቱም፣ የእናትየዋ ዜማም። አንዲቱ ቃል ቤቱን ሙሉ ዋጠችው።

የቋንቋ ሊቃውንት ጣዖት ወደ ግእዝ የገባው ከአራማይክ ነው ይላሉ፤ በዚያ ቋንቋ ሥሩ መሳሳት ነው። ስለዚህ ቃሉ ነገሩን አይገልጸውም፤ ይፈርድበታል። የሚገርመው ታቦት የሚለው ቃላችንም ከዚያው ከአራማይክ መምጣቱ ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ጎዳና ተጉዘው አንዱ መቅደሳችን ገባ፣ አንዱ ከደጅ ቀረ። የተሳሳተ ንጽጽር እያደረግሁ እንዳይመስል በግልጽ ልናገር፤ ታቦትና ሊንጋ አንድ ናቸው አላልሁም፤ አማኝ ነኝና አልልም። የምለው ሌላ ነው። ጥር 10 ቀን ከጎፋ ገብርኤል ታቦት ሲወጣ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ እንግዳ «ሕዝቡ በጨርቅ ለተሸፈነ ሰሌዳ ይሰግዳል» ብሎ ቢጽፍ፣ ዐይኑ ያየውን ጽፎአል፤ ግን ምንም አላየም። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓላችን በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ደስ ያለን እንደ በዓል በክብር ስለታየ አይደለምን? በአንጻሩ በ17ኛው ምዕት ዓመት፣ በሱስንዮስ ዘመን፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ሲያጠምቅ፣ ካህናቱን እንደገና ሲክን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንደገና ሲባርክ የሆነውን እናውቃለን። የእምነታችን ስም በሌላ ሰው አፍ «ስሕተት» ሲሆን ምን እንደሚያም ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

ሥነ ጽሑፋችን ከህንድ ጋር ያለው ዕዳ ደግሞ የቆየ ነው። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. «በረላም ወይዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱልን። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው የህንድ ንጉሥ ጣዖት አምላኪ ነው፤ ልጁ ይዋሴፍ ግን ዓለምን ንቆ ይመንናል። ሊቃውንት ኋላ ሲመረምሩት የይዋሴፍ ታሪክ የቡድሃ ታሪክ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም ቦዲሳትቫ ከሚለው ቃል በቋንቋ ለቋንቋ ሲንከባለል የመጣ ነው። ይህን ሳነብ ለብዙ ቀን አፌን ይዤ ነበር። ጣዖት ያልነው አገር ያወረሰንን ታሪክ እያነበብን ነው በምናኔ የተመሰጥነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ተቆጣ። «ቅዱስ መጽሐፍ ጣዖት ያለውን አንተ ምን ልትለው ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ካህኑ በዐውደ ምሕረት ጣዖት ሲል እየፈረደ ነው፤ መፍረድ ሥራው ነው፣ ቃሉም የእርሱ ነው። እኔ የምሟገተው ከደራሲው፣ ከጋዜጠኛውና ከተርጓሚው ጋር ነው። ደራሲ ጣዖት ብሎ ሲጽፍ ማየቱን አቁሟል ማለት ነው። አማርኛችን ዱዓን፣ ዚያራን፣ ሐድራን ከነስማቸው ተቀብሎ አልደኸየም፤ ወሎን የሚያውቅ ሁሉ እንዴት እንደደመቀባቸው ያውቃል። ፑጃን ከነስሙ ቢቀበል ምን ይጎድልበታል? ሊንጋ በሳንስክሪት ምልክት ማለት ነው። «ሊንጋ» ብሎ ጽፎ አንድ ጊዜ «ምልክቱ» ብሎ መፍታት ከሁለት ቃል በላይ አይፈጅም።

እናቴን ስለዚህ ነገር ባላነሣት በወደድሁ፤ ግን ትነሣ። በዚያ ሌሊት «የት አምሽተህ ነው?» ብላ ስነግራት ፊቷን አዞረች፤ «ከጣዖት ቤት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ይህችው እናቴ ግን በዚ ዓለም ቴሌቪዥን በአማርኛ የተመለሱ የህንድ ድራማዎች ስታይ ኖራለች። ባሏ የከዳት ወጣት በሺቫ ምስል ፊት ተደፍታ ስታለቅስ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን እየጠረገች «አይዞሽ ልጄ፣ ይሰማሻል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማን እንደሚሰማት አልጠየቅኋትም። እማዬን የምወዳት በዚህ ነው።

እስካሁን የሸሸሁትን ደግሞ ልናገር።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ስማር የወጪ ሒሳብ ያስተማረን ህንዳዊ ነበር። አነጋገሩን ያልቀዳ ተማሪ አልነበረም። በአንድ የየካቲት ቀን ግንባሩ ላይ ሦስት አግድም የአመድ መስመር አድርጎ ክፍል ገባ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «አመዴ» ሆኖ ቀረ። እኔ ከሳቅ አልፌ ጻፍሁ፤ ጣዖትን ከዱቄት ጋር ቤት እያስመታሁ አራት ስንኝ ቋጠርሁ። ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ዞረ፤ የኋላ ተቀማጮች አጨበጨቡ። በሕይወቴ ሰው ያጨበጨበለት የመጀመሪያ ግጥሜ ያ ነው። መምህሩ ጭብጨባው ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ፈገግ ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረና ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ እንዴት እንደሚለዩ ከመጀመሪያው ደገመልን። ዛሬ እንጀራ የምበላው እርሱ ባስተማረኝ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሄደ፤ የት እንዳለ አላውቅም።

አመዱ ሁሉም ነገር በመጨረሻ የሚሆነውን የሚያስታውስ እንደሆነ የነገረኝ የለቡው ሰው ነው። አፈርነታችንን ስናስታውስ ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ማንም አልጠየቀውም እንጂ መምህሩም በነገረን ነበር።

ሰኞ የካቲት 9 ጠዋት ደንበኛዬ መስኮቴ ላይ ቆመ። ዐይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። በግንባሩ ላይ ሦስቱ መስመሮች ከፊሉ ታጥቦ ከፊሉ ቀርቶ ይታያሉ።

«ጾም ገባ?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ገባ።»

«ስንት ቀን?»

«ሃምሳ አምስት።»

ዐይኑን አፍጥጦ ሳቀ፤ ቅጹን ፈርሞ ሄደ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ገንዘብ መቁጠሯን አቁማ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«ግንባሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«አመድ ነው» አልኋት። «ሌሊቱን ሲጸልይ አድሮ ነው።»

«እ» አለችና ወደ ቆጠራዋ ተመለሰች።