«አሠራር ነው» የሚባለው ሕግ

ባለፈው ዓመት የአንዲት ዘመዴን የውርስ ክርክር ተከትዬ ፍትሐ ብሔር ችሎት ደጅ ስመላለስ ነበር። የመከላከያ መልሷን ብታቀርብ፣ የማስረጃ ዝርዝሩ ለብቻው ስላልተጠረዘ አንቀበልም ተባለች። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ችሎት ግን ያንኑ ይቀበላል። የትኛው ሕግ ነው ብዬ ብጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «አሠራር ነው» የሚል ነበር። ቀጠሮዋ ለሦስት ወር ተገፋ።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁሉን ዘርዝሮ ሊጨርስ አይችልም። ዳኛ የራሱ አሠራር ቢኖረው አልቃወምም። ጥያቄዬ፣ በአንድ ሕንፃ የተሰየሙ ዳኞች ለምን አንድ ላይ ተቀምጠው አይወስኑም የሚል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ አይመሩም ይላል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ያ ነፃነት ለፍርዱ ነው፤ ለስቴፕለር አይመስለኝም።

በጋራ መወሰንማ አዲስ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ፣ ታትሞም እንዲሠራጭ አድርጓል። ነገር ግን ስለ ወረቀት አጠራረዝ ሰበር ድረስ የሚሄድ ባለጉዳይ የለም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የአሜሪካን ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 83 ያነበበ ይገረማል። የአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኞች በአብላጫ ድምፅ የአካባቢ ደንብ ማውጣት ይችላሉ፤ ግን አስቀድመው ለሕዝብ አስታውቀው አስተያየት መቀበል አለባቸው፣ ደንቡም ከበላይ ሕግ ጋር መጋጨት የለበትም። ከሁሉ የወደድኩት፣ የቅርጽ መስፈርትን ሆን ብሎ ሳይሆን ስቶ ያላሟላ ተከራካሪ በዚያ ምክንያት መብቱን እንዳያጣ መከልከሉን ነው።

እኛስ? የ2012ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የመመሪያ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ የሚያስገድደው አስፈጻሚውን አካል ነው፤ ፍርድ ቤትን አይነካም። እንግዲህ ዳኞቹ ራሳቸው ካልጀመሩት ማን ይጀምርላቸዋል? መዝገብ ተከምሮባቸው ለስብሰባ ጊዜ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ በሚወርድ ሰርኩላር ግን አይተካም፤ የሚሠሩበት እነሱ ናቸውና ድምፃቸው ሊኖርበት ይገባል። ቢያንስ የተስማሙበትን አንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን።

ዘመዴ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ማስረጃዋን በሁለቱም ዓይነት አስጠርዛ ይዛ ሄዳለች።