እራቱን ማን ሠራው?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ማታ ጉዞ ነው። ከሩቅ አገር ተነሥተን ላስታ ስለምንገባ መንገዱ ረዘም ይላል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አረፍ ብላችሁ ብታነቡት ይሻላል።

በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ትሮምሶ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ወደ ዋልታው እጅግ የተጠጋች በመሆኗ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ አትወጣባትም። እኩለ ቀን ላይ የንጋት ጎሕ የመሰለ ወጋገን ይታይና መልሶ ይጨልማል። ነዋሪዎቿ ግን ይህን ጨለማ መተዳደሪያ አድርገውታል። በየዓመቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ እንግዶች «የሰሜን ብርሃን» ወይም አውሮራ የሚባለውን የሰማይ ትርኢት ለማየት ወደዚያው ይጎርፋሉ።

የጉዞው ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። እንግዶቹ ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ገደማ አውቶቡስ ተሳፍረው ከከተማው መብራት ይርቃሉ። ብርዱን የሚከላከል ወፍራም ቱታና ቦት ጫማ ይታደላቸዋል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ላቮ በሚሉት ድንኳን ውስጥ እሳት ይነዳል። ቢዶስ የሚባል ትኩስ ወጥም ይቀርባል፤ የሚሠራውም ሬንዲር ከተባለው የበረዶ አገር አጋዘን ሥጋ፣ ከድንችና ከካሮት ነው። ከእራት በኋላ ያለው ሥራ አንጋጦ መጠበቅ ብቻ ነው። ወደ ከተማ የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ብርሃኑ ምንድን ነው ብሎ ልጅ ቢጠይቃችሁ እንዲህ ብላችሁ ልታስረዱት ትችላላችሁ። ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚረጩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ወደ ምድር ሲደርሱ የምድር ማግኔት እየመራ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች አካባቢ ያወርዳቸዋል። በዚያም 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ አየሩ ያበራል። አረንጓዴው ቀለም፣ ከፍ ሲልም ቀዩ፣ ከኦክስጅን የሚመጣ ሲሆን ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ከናይትሮጅን ነው። በነፋስ የሚውለበለብ መጋረጃ ይመስላል። በአገራችን የማይታየው ኢትዮጵያ በምድር ማግኔት ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ከሁለቱም ዋልታዎች በመራቋ ነው። ይኸው ቅርበት ለሳይንስ የራሱ ጥቅም ስላለው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የምድር ማግኔት መለኪያ ጣቢያ ተቋቁሟል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በፀሐይ ላይ በተነሣው ኃይለኛ ማዕበል ምክንያት አውሮራው እስከ ሜክሲኮና እስከ ህንድ ላዳክ ድረስ በካሜራ ሲያዝ እንኳ ወደ እኛ አልደረሰም።

እንግዲህ እኛን የሳበን ነገር እዚህ ላይ ነው። ጉዞውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ብርሃኑ ይታያል ብለው ዋስትና አይሰጡም። ደመና ሊጋርደው ይችላል፤ ፀሐይዋም ጸጥ ያለች ዕለት ልትሆን ትችላለች። በእርግጠኝነት የሚመጣው እራቱ ነው። እንግዳው ሰማዩን ሳያይ ቢመለስ እንኳ ሞቆትና ጠግቦ ይመለሳል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እናት ምን ያህል ትርጉም እንዳለው አስቡት። በከተማ የሚኖር ቤተሰብ በዓልን ምክንያት አድርጎ ወደ ዘመድ አገር ወይም ወደ ሐይቅ ዳር ሲወጣ ባልየው ይዝናናል፤ ልጆቹ ይቦርቃሉ። እናቲቱ ግን ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ዳቦ ስትቆርጥ፣ እንቁላል ስትቀቅል፣ ፔርሙዝ ስትሞላ ትቆይና እዚያም ደርሳ ታቀርባለች፤ ታነሣለች። ሳምንቱን ሙሉ በቢሮ ወይም በፋብሪካ የዋለች ሴት በዕረፍቷ ቀን የሥራ ቦታ ለወጠች እንጂ አላረፈችም። እራት በሌላ እጅ ተሠርቶ፣ እርስዋም እንደ ሰው ተቀምጣ የምትበላበት ጉዞ ቅንጦት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ባሎች ይህን ዓምድ እንደምታነቡ እናውቃለን፤ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ብታነቧት አንቀየምም።

ታዲያ ለዚህ ኖርዌይ ድረስ መሄድ አያሻም። ሰማይን፣ ብርድንና ትኩስ እራትን አንድ ላይ የሚሰጥ ቦታ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች ላይ አለ።

ላሊበላ ከተማ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ መንገደኛ ከዚያ ማለዳ ተነሥቶ በብልባላ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ በእግር ወይም በበቅሎ ተራራውን አቋርጦ ይሄዳል። መኪናው ከቆመ በኋላ በጽድ ደን ውስጥ ለውስጥ ዳገት አለ፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ቀስ እያሉ ቢወጡት ይሻላል። ከላይ ሲደረስ ሰፊ ዋሻ ይገኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በዋሻው ውስጥ ነው። ያሠራው ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደሆነ ይነገራል። ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በአክሱም ዘመን የአሠራር ስልት አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ የተገነባ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የጥበብ ቀሚስ ጥለት ይመስላል።

በዚያ ቦታ ሰማይ አይታይም። ጣሪያው የተራራው ሆድ ነው። ከውስጥ ሲገባ ጨለማ ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ መታገስ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ቆይቶ በእንጨት የተሠራው ኮርኒስ ከነሐረጉና ከነቀለሙ ቀስ በቀስ ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተጋድሞ ይታያል፤ በጥንት ጊዜ ለመሳለም መጥተው በዚያው የቀሩ ምእመናን እንደሆኑ ይተረካል። ትንንሽ ልጆች የያዛችሁ እናቶች ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አይደነግጡም።

ከዋሻው ወጥቶ ማታ ላሊበላ የተመለሰ ሰው ሰማዩን ሲያይ የተለየ ስሜት ይሰማዋል። በላስታ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጨለማው ድቅድቅ ይላል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። በትሮምሶ ወደ አናት የሚጠጋው የሰሜን ኮከብ በላስታ ከአድማስ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ ይታያል። ታኅሣሥ 4 እና 5 ቀን አካባቢ ሌሊት በየዓመቱ ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ፤ ጨረቃ ካልበራች ልጆች እየቆጠሩ እስኪሰለቹ ሊያዩ ይችላሉ። አረንጓዴ መጋረጃ አይደለም፤ ነገር ግን ደመና ካልመጣ አይቀርም።

እራቱስ? በላሊበላ የምሽት እራትን ከሰማይ እይታ ጋር ያዋሐደው በስፋት የታወቀው ምግብ ቤት ቤን አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈቱት ሱዛን አቺሰን የተባለች ጡረታ የወጣች የስኮትላንድ መምህርትና ኢትዮጵያዊው ሀብታሙ ባዬ ናቸው። ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት የዚያ ቤት ዋና መስህብ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም.፣ በመቄት ወረዳ «ተስፋ» በሚል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀምሯል። እንግዳው ጓዙን በአህያ አስጭኖ በእግሩ ይጓዝና በገደል አፋፍ ላይ በተሠሩ ጎጆዎች ያድራል። መቋት ማርያም ከነዚህ ማረፊያዎች አንዱ ነው። ቤቶቹ የገበሬው ማኅበር ሲሆኑ አስተናጋጆቹም የቀበሌው ሰዎች ናቸው፤ እራቱ በዚያው ይበስላል፤ ገቢውም እዚያው ይቀራል።

እኛ ይህን አሠራር የምንወደው ምግብ ማብሰል ሥራ ሆኖ ስለተቆጠረበት ነው። በሌላው ቦታ የምናየው ሌላ ነው። ቱሪስቱ የሚያውቀው አስጎብኚውን፣ ሾፌሩንና ምግብ ያቀረበለትን አስተናጋጅ ነው። ጉርሻም የሚሰጠው ለነርሱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ምጣድ የጣደችው፣ ዓይኗ በጢስ የቀላው፣ ውኃ የቀዳችውና ድስት ያጠበችው ሴት ግን ከማድ ቤት ስለማትወጣ በሒሳቡ ውስጥ የለችም። አስጎብኚነት ጥሩ ሙያ ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን እንግዳው ሌሊቱን በሰማይ ሥር ሊያሳልፍ የቻለው ሆዱ ሙቅ ስለነበረ ነው።

የገናን ሌሊት ደግሞ ተመልከቱ። ታኅሣሥ 28 ማታ (በዓሉ በየአራት ዓመቱ በ28 ሲውል ታኅሣሥ 27 ማታ ማለት ነው) ከየአቅጣጫው በእግር የመጡ ምእመናን ላሊበላን ይሞሏታል። ብዙዎቹ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ተከናንበው ሜዳ ላይ ያድራሉ፤ ጧፉ ሲበራ ተራራው ራሱ ኮከብ ያወጣ ይመስላል። ሲነጋ ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አፋፍ፣ በማሜ ጋራ፣ «ቤዛ ኩሉ»ን ያሸበሽባሉ። የከተማው ሰው እንግዳ ተቀብሎ እግር ያጥባል፤ ያበላል። ይህ የቆየ ደግነት ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ግን ለዚያ ሁሉ እንግዳ የሚሆነው ሽሮ የተፈጨው፣ ጠላው የተጠመቀውና እንጀራው የተጋገረው ከሳምንታት በፊት በተጀመረ የሴቶች ድካም ነው።

ደግሞም ይህ ድካም የእንጀራ ገመድ ነው። እንግዳ ሲቀር ማድ ቤቱ ይዘጋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ቱሪስት ቀረ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ቀለበት የመሰለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አለፈ። የዓለም የሰማይ ተመልካቾች ከዓመታት በፊት ቀጠሮ የያዙለት ዕለት ነበር። ሰማዩ በቀጠሮው መጣ፤ እንግዳው ግን መምጣት አልቻለም። ከዚያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ ሕዝቡም ለወራት ብዙ ተቸገረ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገደኛውን መልሶ አሳሳው። በነዚህ ዓመታት ሾፌሩ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራ ሊፈልግ ይችል ነበር። ልጆች ያሏት ወጥ ሠሪ ግን ወዴት ትሄዳለች? በጓዳዋ የቀረችውን ገብስ ቆልታ ቆሎ ትሸጣለች፤ የሚገዛትም ጎረቤቷ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ቤተሰቦች በመጀመሪያ የመንገዱን ደኅንነት በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች አጣሩ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪና በደሴና በወልድያ በኩል ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ይፈጃል። ለገና ከሆነ ማደሪያ በጣም ስለሚወደድ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ሰማይ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ከገና ሦስት ሳምንት በፊት ያለው ጊዜ ጸጥ ያለና ኪስ የማይጎዳ ነው።

ምግብ ቋጥራችሁ አትሂዱ። የመንገድ ዳቦና ውኃ ይበቃል። እራታችሁን እዚያው እዘዙ፤ ከተቻለም ጠዋት ስትወጡ ንገሯቸው፤ ማታ ደክሟችሁ ስትደርሱ ትኩሱን ታገኛላችሁ፤ ወጥ ሠሪዋም በችኮላ አትጨነቅም። ወቅቱ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስርና ተልባ እንደልብ ነው። ሒሳብ ስትከፍሉ ለማድ ቤት ብላችሁ ለይታችሁ ስጡ፤ በአስተናጋጁ እጅ ሳይሆን ጓዳ ድረስ ገብታችሁ ለራሷ። ሴት ለሴት ጓዳ መግባት በእኛ አገር ነውር የለውም።

ለልጆች ከሹራብ በላይ ወፍራም ጋቢ፣ የማያንሸራትት ጫማና ለዋሻው የእጅ ባትሪ ያዙ። ባትሪውን ማታ ኮከብ ስታዩ አጥፉት፤ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ትንሹ ልጅ ጭናችሁ ላይ እንቅልፍ ከወሰደው አትቀስቅሱት፤ ትልቁ ይቁጠርለት።