«ጥረት በመደረግ ላይ ይገኛል»፤ ለመሆኑ የጣረው ማነው?

የዛሬው ሙግቴ ከአንዲት ሐረግ ጋር ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ መንገድ ተቆፍሮ ሲቀር አንድ መግለጫ ይወጣል፤ «ችግሩን ለመቅረፍ ጥረት በመደረግ ላይ ይገኛል»። ለመሆኑ የሚጥረው ማነው? ምን ያህል ጣረ? ተሳካለት ወይስ ደክሞት ተወው? ሐረጓ ለሦስቱም መልስ የላትም።

ጥፋቱን በእንግሊዝኛ ላይ የሚያላክኩ አሉ። የሐረጓ መንትያ «ሜክ አን ኤፈርት» ነውና ለጊዜው እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛን ያለ ኃጢአቱ አንኮንነው። ብርቱ ጥረትን ለመግለጽ ሲያሻው ብዙ መንገድ አለው፤ እኛ የለመድነው ከሁሉ የላላውን ነው።

እስቲ እንመልከት። «ትራይ ቱ ኦፕን» ሲባል ሰውየው መስኮቱን ለመክፈት መታገሉን እንረዳለን፤ መከፈት አለመከፈቱን ግን ገና አናውቅም። «ትራይ ኦፕኒንግ» ሲባል መክፈቱ ራሱ አላስቸገረም፤ ሙከራው መስኮቱ ሲከፈት ሙቀቱ ይቀንስ እንደሆነ ለማየት ነው። «ማኔጅ ቱ» ከተባለ ደግሞ ጭንቁም ነበረ፣ ነገሩም ተሳካ። ሲያሰኛቸውም ክርን የሚለውን ስም ግስ አድርገው፣ በሰው ግፊያ መሃል መንገዱን በክርኑ ከፍቶ ያለፈውን ሰው በጥቂት ቃላት ያሳዩናል።

ይህን ሁሉ ተማሪዎቻችን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው ያጠኑታል። አማርኛቸው ግን ይህንኑ ልዩነት ከጥንትም ያውቀዋል፦ «ሊከፍተው ሞከረ» እና «ከፍቶ ሞከረው»። የመጀመሪያው ትግል ነው፤ ሁለተኛው ፍተሻ። «ሊከፍተው ታገለ» ካልን ውጤቱ አልታወቀም፤ «ታግሎ ከፈተው» ካልን ነገሩ አለቀ። ባለክርኑንም ቢሆን «በክርኑ እየጎሸመ አለፈ» ብለን እንሸኘዋለን። ተማሪው ከራሱ ቋንቋ ቢነሣ የእንግሊዝኛውን ግማሽ መንገድ በተጓዘ ነበር።

የግሶቹን ሀብት ደግሞ ማን ቆጥሮት! አቅሙ ያነሰው ይፍጨረጨራል። ቁመቱ ያጠረው ይንጠራራል። ድግስ ያለባት ደፋ ቀና ትላለች። ጉዳይ የያዘው ላይ ታች ይላል። ለልጆቿ ሌት ተቀን የምትለፋው ትባትላለች፤ ላመነበት ነገር የቆረጠው ይሟሟታል። እያንዳንዱ ግስ ሰውየውን ከነላቡ ያቆመዋል። በ«ጥረት ማድረግ» ውስጥ ግን ሁሉም አንድ መልክ ይይዛሉ፤ ተፍጨርጫሪውም ተሟሟቹም እኩል «ጥረት ያደርጋሉ»።

የሚያስገርመው፣ ይህን ልማድ እንግሊዛውያንም የሚነቅፉት መሆኑ ነው። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው መጣጥፍ፣ አንዱን ጠንካራ ግስ ጥሎ ስምን ለሁሉ ከሚሆን ግስ ጋር መለጠፍን፣ ከገቢር ይልቅ ተገብሮን ማዘውተርን ክፉኛ ተችቷል። እነሱ ከቤታቸው ጠርገው ሊያወጡት የታገሉትን እኛ እንደ ብርቅ ዕቃ ሳሎን አስቀመጥነው!

«ቋንቋ ያድጋል፣ ይዋሳል» የሚለኝ አይጠፋም። ይዋስ እንጂ! ማን ከለከለው? «ጥረት»ም ቢሆን የራሳችን ቃል ነው፤ «ልጅቷ ትልቅ ጥረት አደረገች» ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ አድራጊዋ በግልጽ አለችና። ጠቤ አድራጊዋ ከተሰወረችበት ጋር ነው። «ጥረት ተደረገ» ሲባል ባለቤቱ ይጠፋል፤ ባለቤት የሌለው ሥራ ደግሞ ተጠያቂ የለውም። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ነውን? ባልዲውን ይዞ ቦኖ ሥር የሚውለው ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ሕዝባችን «ጥሮ ግሮ አዳሪ» ሲል ስለ ሰው እየተናገረ ነው። ሰውየው ይታያል፤ ሲደክም ይታያል፤ ማደሩም ይታወቃል። መግለጫ ጸሐፊዎቻችንም እንዲሁ ይንገሩን፦ «ሦስት ቀን ቆፈርን፤ የፈነዳውን ቧንቧ አላገኘነውም፤ ነገም እንቆፍራለን»። ውሃው ባይመጣም እንኳ ማን እየቆፈረ እንደሆነ እናውቃለን።