«ተፈጥሮው ነው» የሚባለው ፍሬን ስንት ያወጣል?

ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ለመግዛት የወጣ ነጋዴ ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል። ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ጭሱን ያያል፤ ከሥር ገብቶ ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ ይመረምራል፤ የሊብሬውንና የሻንሲውን ቁጥር ያመሳክራል። ከዚያም አንድ ዙር ይነዳል። ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ቢወርድበትና ወደ ደላላው ዞር ቢል፣ የሚሰጠው መልስ ያው ነው፤ «የናፍጣ መኪና ተፈጥሮው ነው፣ ሲለምዱት ይወዱታል»። ዋጋውም ሳይነካ ያልፋል።

ይህች «ተፈጥሮው ነው» የምትባል ቃል በመኪና ገበያችን ብዙ ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ታሻግራለች። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለስላሳ ፍሬን የመኪናው ጠባይ አይደለም። ሻጩ በጊዜው ያልከፈለውና ለገዢው የሚያወርሰው ዕዳ ነው፤ ዕዳ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይገባል።

እርግጥ ነው፣ የናፍጣው ፍሬን ከቤንዚኑ የሚለይበት ነገር አለ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል የእግራችንን ጉልበት ለሚያበዛው ሰርቮ ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ይህን ኃይል እንደ ቤንዚኑ ስለማይሰጥ ለብቻው አየር የሚመጥ ፓምፕ ይገጠምለታል። በብዙዎቹ የቆዩ የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቆ ይገኛል። ታዲያ ይህ ፓምፕ ሲደክም ምን ይሆናል? ፔዳሉ ይደርቃል፤ ድንጋይ የረገጡ ይመስላል እንጂ አይለሰልስም። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሰርቮው እርዳታም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህም ቢሆን ፔዳሉን የሚያከብደው እንጂ የሚያላላው አይደለም። በናፍጣነት የሚያመካኝ ደላላ እንግዲህ ምክንያቱን ያመጣው ከተቃራኒው ወገን ነው። (የአሜሪካዎቹ ትላልቅ የናፍጣ ፒክአፖች፣ ለምሳሌ ፎርድ ኤፍ-250፣ የፍሬን እርዳታቸውን ከመሪው ዘይት ፓምፕ ስለሚያገኙ የፔዳላቸው ስሜት ለየት ይላል። በእኛ ገበያ ግን ጥቂት ናቸው፤ ለሃይሉክስና ለላንድክሩዘር ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።)

ፔዳል የሚለሰልሰው በዘይቱ መስመር ውስጥ የሚታመቅ ነገር ሲገባ ነው። የፍሬን ዘይት አይታመቅም፤ አየርና እንፋሎት ግን ይታመቃሉ። ያረጀ የላስቲክ ቱቦም በግፊት ያብጣል። ከሁሉ የሚንቁት ግን ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር የተለመደ ምክር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሲጎድል ይጨመራል እንጂ መቼ ይቀየራል?

ሠፈር ውስጥ አንድ ዙር የነዳ ገዢ ይህን ሁሉ አያየውም። የሚያየው ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው በዚያ ቁልቁለት፣ ማርሽ አቅልሎ ፍሬኑ ላይ የተኛ ሹፌር ዘይቱን ያፈላዋል፤ እንፋሎቱ ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለሉን ይነካል። ያን ጊዜ የጠፋው የመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም። ቦሎ መለጠፉም ዋስትና አይሆንም፤ ምርመራው የሚያሳየው ፍሬኑ በዚያች ቀን፣ በዚያች ደቂቃ የያዘውን ነው።

ባለንብረቱ በገዛ እጁ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ብዙ ለመጫን ሲባል ባሌስትራ ይጨመራል። በርካታ የሥራ ፒክአፖች ግን የኋላው አካል በጭነት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እየለካ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ባሌስትራው ሲጠነክር መኪናው ተጭኖም ዝቅ አይልም፤ ቫልቩም ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንስበታል። ሻጩ «የተጠናከረ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርበት መኪና ይህ ነው!

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በዚህ ዋጋ የሚከስረው የደህናው መኪና ባለቤት ስለሆነ ከገበያው ይወጣል። እኛም ጋ «ተፈጥሮው ነው» የሚለው መልስ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዘይቱን የቀየረና ቱቦውን ያሳደሰ ባለንብረት ካላሳደሰው እኩል ይሸጣል። ታዲያ ለምን ያሳድሳል?

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው መኪኖቻችን ገና ብዙ ዘመን የሚያገለግሉ በመሆናቸው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነውና ለገዢው የተላለፈው ዕዳም አብሮ አድጓል።

መለኪያው እንኳ ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡና እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ወርዶ መቆም አለበት። ዝም ብሎ ቀስ በቀስ ከሰመጠ የዋናው የፍሬን ፓምፕ የውስጥ ላስቲክ አልቋል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ እያለ የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ አየር ይዟል ወይም የኋላ ፍሬን ሸራዎች ማስተካከያ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ ዋጋ አለው፤ ጋራዥ ጠይቆ ድምሩን ከመኪናው ዋጋ ላይ ማንሣት ነው።

ይህ መደረግ ያለበት ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ቢያደርገውም፣ ገዢው ሲዋዋል ለሚያውቀው ጉድለት አያስጠይቀውም። ፔዳሉን ረግጦ፣ «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ፣ «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» በሚል ውል ላይ የፈረመ ሰው ኋላ ምን ብሎ ይከራከራል? በዚያ ዓረፍተ ነገር ፋንታ ፍሬኑ በማን፣ መቼ እንደተፈተሸና ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ውሉ ላይ ይስፈር። ከክፍያው ጥቂቱ መኪናው ጭኖ አንድ ቁልቁለት ወርዶ እስኪመለስ ይቆይ፤ የደላላውም ኮሚሽን እንዲሁ።