የካንሰርን ውስጣዊ እንቅስቃሴ የሚያሳየው አዲሱ የኤም አር አይ ምርመራና ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

የካንሰር የምስል ምርመራ ዕጢው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ከማሳየት አልፎ፣ በውስጡ የሚካሄደውን ለውጥ ወደማሳየት እያመራ ይገኛል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ዘዴዎች አንዱ ሃይፐርፖላራይዝድ ካርቦን 13 ኤም አር አይ ነው።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንዳመለከተው፣ በርካታ የካንሰር ህዋሳት ኦክስጅን እያለም ስኳርን በብዛት ወደ ላክቴት ይለውጣሉ። አዲሱ ዘዴ ይህን ለውጥ ይከታተላል። ፓይሩቬት የተባለው ንጥረ ነገር በካርቦን 13 ተዘጋጅቶ ከዜሮ በታች 272 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ፣ በጠንካራ መግነጢስና በማይክሮዌቭ ሞገድ ሲታከም ምልክቱ ከ10,000 እጥፍ በላይ ይጎላል። ከዚያም ሟሙቶ በደም ሥር ሲሰጥ ወደ ላክቴት የሚለወጥበት ፍጥነት በምስል ይታያል። እንደ ራጅ ያለ ጨረርም አይጠቀምም።

በሰዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2013 ከአሜሪካ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ የታተመ ሲሆን፣ ያተኮረውም በፕሮስቴት ካንሰር ላይ ነበር። የዘዴው ዋና ተስፋ ዕጢው ከመቀነሱ በፊት ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ማሳወቁ ነው። ይህም ታካሚው በማይጠቅመው መድኃኒት ወራትን እንዳያባክን ያግዛል። ሆኖም ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ ዝግጅቱ በዚያው ተቋም መከናወን አለበት፤ ፈሳሽ ሂሊየምና ልዩ ባለሙያም ይጠይቃል። በመሆኑም ዘዴው አሁንም በአብዛኛው በምርምር ላይ ነው።

ጉዳዩ ከጎጃም ደጋማ አካባቢዎች አንጻር ሲታይ ክፍተቱ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከደብረ ማርቆስ የሚነሳ ታካሚ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። በቅርብ ዓመታት አገልግሎቱ እንደ ጅማ ወዳሉ ከተሞች መስፋፋቱ እፎይታ ቢሰጥም፣ ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። ዘግይቶ የመጣን ታካሚ የተራቀቀ ምስል ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ለአዲሱ ቴክኖሎጂ የሚደረገው ዝግጅት በጤና ጣቢያ ይጀምራል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ማድረጋቸው፣ ልጃገረዶች የኤች ፒ ቪ ክትባት መውሰዳቸው፣ የሪፈራል ቅብብሎሹም መፋጠኑ ዛሬ ሕይወት የሚያተርፉ እርምጃዎች ናቸው።