ሉሲዎቹ ግጥሚያ ይፈልጋሉ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ታንዛኒያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ሉሲዎቹን፣ ከሞሮኮው የሴቶች አፍሪካ ዋንጫ ውጭ አደረገቻቸው። የመጨረሻው ዙር ማጣሪያ ነበር፤ ያንን ደርሶ መልስ ቢያልፉ ሞሮኮ ይገቡ ነበር። ወሬው በስፖርት ፕሮግራሞች ላይ አንድ ሁለት ቀን ተነሳና ሁላችንም ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተመለስን። ብዙም ሳይቆይ ግን ካፍ ሌላ ዜና አመጣ። የተሳታፊዎቹን ቁጥር ከ12 ወደ 16 ከፍ አደረገና አራቱን አዲስ ቦታዎች በመጨረሻው ዙር ከወደቁት መካከል በፊፋ ደረጃ ለሚበልጡት ሰጠ። ካሜሩን፣ ኮትዲቯር፣ ማሊና ግብፅ ገቡ። እኛ ቀረን።

ከአራቱ ውስጥ እኔን ያንገበገበችኝ ግብፅ ናት። በ2004 ዓ.ም. ሉሲዎቹ ለኢኳቶሪያል ጊኒው አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከግብፅ ጋር ተገናኝተው ነበር። ካይሮ ላይ 4 ለ 2 ተሸነፉ። አዲስ አበባ ላይ ግን 4 ለ 0 አሸንፈው አለፉ። ቀጥሎ የገጠሟት ራሷን ታንዛኒያን ነበር፤ እዚህ 2 ለ 1፣ ዳሬሰላም ላይ 1 ለ 0 ረትተው ትኬታቸውን ቆረጡ። ያኔ ያሸነፍናቸው ሁለቱም አገሮች ዛሬ ከፊታችን ቆመዋል። አንዷ በሜዳ በልጣን፣ ሌላዋ በደረጃ በልጣን። በ13 ዓመት ውስጥ የሆነው ይህ ነው።

የእኛ ልጆች ችሎታ አጥተው አይደለም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ ታሪካቸው ስለሚመሰክር ነው። ሉሲዎቹ በአህጉሩ መድረክ ሦስት ጊዜ ቆመዋል፦ በ1995 ናይጄሪያ ላይ፣ በ1997 ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ በ2005 ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ። የ1997ቱ ዛሬም የሚተረክ ነው። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ከምድቧ ማለፍ ተስኗት ስትቀር የእኛዎቹ ግማሽ ፍጻሜ ገቡ። እዚያ ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ተጫውተው ያለ ግብ ተለያዩና በመለያ ምት 6 ለ 5 ተሸነፉ። አራተኛ ሆነው ተመለሱ። ከነሐስ ሜዳሊያ የለያቸው አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ነበር።

የ2005ቱን ቡድን የመራው አሰልጣኝ አብርሃም ተክለሃይማኖት ነው። እነ ሽታዬ ሲሳይ የተጫወቱበት ያ ትውልድ ለለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያም እስከ መጨረሻው ዙር ዘልቆ በደቡብ አፍሪካ ነበር የቆመው። ከምድቡ ባያልፍም አፍሪካ ዋንጫ ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ዋናው ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ አልበቃም። ጥቅምት 2014 ላይ ዩጋንዳ በመለያ ምት አስቀረችን። የካቲት 2017 ላይ ደግሞ ያችኑ ዩጋንዳን እኛ በመለያ ምት አስቀረናት፤ ከዚያ ታንዛኒያ መጣች።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያነሳውን የበጀት ጉዳይ ለጊዜው ልተወው። ገንዘብ እንደሚያንስ የማያውቅ የለም። እኔ ማንሳት የምፈልገው ከገንዘቡም የሚቀድም ነገር ነው። ሉሲዎቹ አይጫወቱም። ማጣሪያ ሲደርስ ከየክለቡ ተጠርተው ይሰበሰባሉ፣ ሆቴል ይገባሉ፣ ጥቂት ሳምንት ይሠራሉ፣ ሁለት ጨዋታ ያደርጋሉ። ካለፉ ለሚቀጥለው ዙር ይጠበቃሉ፤ ከወደቁ ይበተናሉ። በመካከል ያለው ጊዜ ባዶ ነው። የፊፋ ደረጃ የሚሠራው ደግሞ በግጥሚያ ውጤት ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ከማጣሪያ ያነሰ ክብደት ቢሰጠውም ይቆጠራል። የማይጫወት ቡድን ነጥብ ከየት ያመጣል? ካፍ ደረጃ አይቶ አራት አገር ሲጨምር እኛ ያልተጨመርነው ታንዛኒያ ስላሸነፈችን ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራትና ዓመታት ባላደረግናቸው ጨዋታዎችም ነው።

ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በአበበ ቢቂላ ስታዲየም የሆነውን አስታውሱ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያ መጥታለች። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በዓለም ዋንጫው እንግሊዝን እስከ መለያ ምት ያደረሰችው ናይጄሪያ ናት። ሉሲዎቹ 1 ለ 1 ወጡ። በሳምንቱ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፉ። አንዳንዱ ሰው የመጀመሪያውን በአጋጣሚ፣ ሁለተኛውን በአቅም ተረጎመው። እኔ አልስማማም። ልጆቹ ከአፍሪካ ቁንጮ ጋር 90 ደቂቃ እኩል መሮጥና ማሰብ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ያቃታቸው በስድስት ቀን ልዩነት፣ ከጉዞ በኋላ፣ በሰው አገር ያንኑ መድገም ነው። ይህ ደግሞ በሥልጠና ሜዳ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከጠንካራ ቡድን ጋር ደጋግሞ በመግጠም፣ ተሸንፎም ተመልሶ በመግጠም የሚመጣ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች አሉ። ካፍ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግን ሲጀምር ባንኮች በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ለሴካፋው ማጣሪያ ወደ ኬንያ ሄደው ፍጻሜ ደረሱና በቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፉ። በ2015 ክረምት ደግሞ ፍጻሜ ደርሰው በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ተሸነፉ። ነሐሴ 2016 ላይ ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ። በብርሃኑ ግዛው የሚሠለጥኑት ባንኮች የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በፍጻሜው ረትተው ዋንጫውን አነሱ፤ ለአህጉሩ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ የበቁ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብም ሆኑ። ሞሮኮ ላይ ከምድባቸው አላለፉም። ይሁን። ተሸንፈው፣ እንደገና ተሸንፈው፣ ከዚያ ያሸነፉት በየዓመቱ የሚገቡበት ውድድር ስለነበራቸው ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ያጣው ይህንን ነው።

ችግሩ ግን ከብሔራዊ ቡድኑ በታች፣ በጣም በታች ይጀምራል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወጥታችሁ ለገጣፎን አልፋችሁ ለገዳዲ ስትደርሱ፣ ጠዋት ከሆነ አስፋልቱን ይዘው ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ የሚሮጡ አትሌቶች ታያላችሁ። ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ ተለምዷል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካመጣች ወዲህ ሴት ልጅ በቱታ መንገድ ላይ መሮጧ ለቤተሰብ ነውር መሆኑ ቀስ በቀስ ቀርቷል። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ግን አቧራማ የኳስ ሜዳ አለ፤ እዚያ ነገሩ ሌላ ነው።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እዚያ ሜዳ ሄጄ ነበር። ወንዶቹ እስኪጨርሱ ሴቶቹ ከዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ኳሳቸው በፌስታል ውስጥ ናት፤ ስፌቷ በአንድ በኩል ተገንጥሎ እንደገና የተሰፋች። ወንዶቹ ሲለቁ ፀሐዩ ከርሯል። አሰልጣኛቸው ወጣት መምህር ነው፤ ኮን ስለሌለው ድንጋይ ደርድሮ መስመር ሠራላቸው። ከልጆቹ ታኬታ ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ሸራ ጫማ ነው ያደረጉት። በኦሮምኛም በአማርኛም ኳስ ይጠራራሉ። አንዲት ቀጭን ልጅ በግራ እግሯ ተቀብላ በአንድ ንክኪ የምታሳልፈውን ኳስ ሳይ ሌላውን ሁሉ ረሳሁ። ሲያርፉ ጠጋ ብዬ «ማንን ነው የምትወጂው?» አልኳት።

«ሎዛን» አለች ሳታስብ።

«መጨረሻ ግጥሚያ ያደረጋችሁት መቼ ነው?»

ይህን ለመመለስ አሰበች። ወደ መምህሩ ዞራ «ኮች፣ ከጥምቀት በፊት ነው አይደል?» አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራሉ። ለሌላ ከተማ ልጆች ጨዋታ ሲጠይቁ ወይ መኪና ይጠፋል፣ ወይ ሜዳ ይጠፋል፣ ወይ ከዚያ ማዶ አሥራ አንድ ልጅ አይሞላም። ወላጆች የሚያስቀሯቸውም አሉ። «አባቷ እኮ ሩጫ ቢሆን ይፈቅድላት ነበር» አለኝ መምህሩ ስለ አንዷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባትየው ነገር ይመላለስብኛል። ሩጫ ለሴት ልጅ የቀለለው በዚህ አገር ስፖርቱ ራሱ ብቻዋን ስለሚያሠራት ጭምር ይመስለኛል። መንገድ አለ፣ ማለዳ አለ፣ እግር አላት። ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ትጀምራለች፤ ጎበዝ ከሆነች ሰዓቷ ይናገርላታል። እግር ኳስ ግን አሥር ጓደኛ ይፈልጋል፣ ተጋጣሚ ይፈልጋል፣ ዳኛ፣ ሜዳ፣ የጨዋታ ፕሮግራም ይፈልጋል። ይህን የሚያሰናዳ ሰው ከሌለ ልጅቷ ምንም ያህል ብትጥር ከፌስታሏ ኳስ አታልፍም። በሩጫ ዓለምን የረታች አገር በሴቶች ኳስ ወደኋላ የቀረችበትን ምክንያት ስፈልግ የማገኘው ይህንን ነው። የሴቶቻችን ጉልበትና ልብ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ የሚለየው ውድድር የሚያዘጋጅላቸው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ሎዛ አበራን የጠቀሰችው ልጅ አልተሳሳተችም። ሎዛ የተነሳችው ከከምባታዋ ዱራሜ ነው። በአገር ውስጥ ለሐዋሳ ከተማ፣ ለደደቢት፣ ለንግድ ባንክ ተጫወተች፤ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ግብ አዘነበች፤ ከዚያ የአሜሪካው ዲሲ ፓወር አስፈረማት። ከዱራሜ ዋሽንግተን የደረሰች አጥቂ ያላት አገር ተሰጥኦ የላትም ማለት አይቻልም። ጥቅምት 2014 ላይ ከ20 ዓመት በታች ሴቶቻችን በፍሬው ኃይለገብርኤል አሰልጣኝነት ዩጋንዳ ንጄሩ ላይ የሴካፋን ዋንጫ ሲያነሱም የታየው ይኸው ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ለዋናው ቡድን የደረሱ ናቸው። ያኔ በአንድ ውድድር ውስጥ ተከታታይ ጨዋታ ስላገኙ ተዋሃዱ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል አብረው ተጫወቱ? በዚያው ዓመት ዋናው ቡድን ሴካፋ ላይ ሦስተኛ ሲወጣም ያየነው ተከታታይ ጨዋታ ሲገኝ ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ነው።

የለገጣፎ ለገዳዲ የወንዶች ክለብ በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊግ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ወረደ፤ ቢሆንም የከተማዋ ስም በየሳምንቱ በሬዲዮ ሲጠራ ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሰበታ ከተማም ሊጉ ውስጥ ኖሯል። ስለዚህ እነዚህ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች እግር ኳስን አያውቁም ማለት አይቻልም። ተጫዋች ለማጓጓዝ፣ ሜዳ ለማሰናዳት፣ ደጋፊ ለመቀስቀስ አቅም እንዳላቸው አሳይተዋል። ያንን አቅም ለልጃገረዶቹ አላዋሉትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ አንድ አስተዳደር ሥር ናቸው። አምስቱ እያንዳንዳቸው አንድ የታዳጊ ሴቶች ቡድን ያቁሙ፤ በደርሶ መልስ ይጋጠሙ። ጠቅላላው 20 ጨዋታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 8 ግጥሚያ። የሚፈልገው ቅዳሜ ጠዋት የሚለቀቅ ሜዳ፣ አንድ ሚኒባስ፣ ዳኛና የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ያች ግራኝ ልጅ በዓመት ስምንት ጊዜ የማታውቀው ተከላካይ ፊት ብትቆም በሁለት ዓመት ውስጥ የክለብ መልማዮች ስሟን ማወቃቸው አይቀርም።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንን የምጠይቀውም ያንኑ ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል። የፊፋ የብሔራዊ ቡድኖች የጨዋታ ቀናት አስቀድመው የታወቁ ናቸው። ማጣሪያ ቢኖርም ባይኖርም እነዚያ ቀናት ባዶ አይለፉ። ኬንያ ጎረቤታችን ናት፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ሩቅ አይደሉም፤ ሦስቱም ለሴት ቡድኖቻቸው ጨዋታ ይፈልጋሉ። የመጪው ዓመት የሉሲዎቹ የወዳጅነት ጨዋታዎች ከማንና የት እንደሆኑ ዓመቱ ሳይጀምር ይነገረን፤ ካልተደረገም ለምን እንዳልተደረገ እንጠይቅ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ሉሲዎቹ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ሲጫወቱ ሴት ልጃችሁን ይዛችሁ ግቡ። ሰፈራችሁ ያለውን ሜዳ ደግሞ በሳምንት አንድ ጠዋት ለልጃገረዶች ልቀቁላቸው።